ዶክተሩ «ይብቃህ» ያለው ልብ፦ የክላረንስ ዴማር ጉዳይ

ዕድሜው ገፋ ያለ ሯጭ ሁሉ የሚሰማት ነገር አለች። «ኧረ ይብቃህ! ልብህን ትጎዳለህ፣ ጉልበትህም ያልቃል።» ተናጋሪዎቹ ብዙ ጊዜ ክፉ አስበው አይደለም። ሯጩም መልስ አያጣም፤ «ሩጫ ነው በሕይወት ያቆየኝ» ይላል። ከዚያ አንዱ ሲሮጥ ወድቆ የሞተ ሰው ይጠቅሳል፣ ሌላው በሰማንያ ዓመታቸው ማራቶን የጨረሱ ሽማግሌ ይጠቅሳል፣ ጨዋታው እዚያው ላይ ይቆማል። ማንም ማንንም አላሳመነም።

እኔም እዚህ ክርክር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደገባሁ አልቆጥረውም። ስለዚህ ዛሬ ክርክሩን ትቼ አንድ ሰው ብቻ ላይ ልቆይ። ለሃምሳ ዓመት ያህል የሮጠ፣ ገና በወጣትነቱ «ልብህ ችግር አለበት» የተባለ፣ ሲሞት ደግሞ ልቡ ተከፍቶ የታየ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ በየጊዜው አይገኝም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክላረንስ ዴማር ይባላል። በ1888 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ተወለደ። መሮጥ የጀመረው በ1909 ገደማ፣ ቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ እያለ ነው። ሙያው ማተሚያ ቤት ነበር፤ ፊደል ለቃሚ ነው። ብዙውን ዕድሜውን በዚህ ሥራ ነው የኖረው፣ ከሩጫ እንጀራ አልበላም። ወደ ሥራ ሲሄድና ሲመለስ ግን ይሮጥ ነበር። ልምምዱ ይሄው ነው በሉት። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1910 ቦስተን ማራቶን ላይ ሁለተኛ ወጣ። በዓመቱ፣ በ1911፣ ተመልሶ መጣ። ከውድድሩ በፊት ሯጮቹን የሚያይ ሐኪም ነበረና ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አደረገ፣ አዳመጠ፣ ፊቱን ቋጠረ። ልቡ ላይ ተጨማሪ ድምፅ አለ። ሐኪሞች ማርመር የሚሉት፣ ከ«ድም ድም» መሃል የሚሰማ የሹክሹክታ ዓይነት ድምፅ ነው። ምክሩ አጭር ነበር፦ ድካም ከተሰማህ አቋርጥ፣ ከዚህ በኋላም ሩጫ ቢቀርብህ ይሻላል።

ዴማር ሮጠ። አንደኛ ወጣ። ሰዓቱ 2፡21፡39 ነበር፣ የቦታው ክብረ ወሰን። (ያኔ መንገዱ ከዛሬው 42 ኪሎ ሜትር ያጥር ነበር፣ ስለዚህ ሰዓቱን ከዛሬው ጋር አታወዳድሩት።) 22 ዓመቱ ነው።

በሐኪሙ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ያኔ «የስፖርተኛ ልብ» የሚባለው ነገር ለብዙ ሐኪሞች በሽታ ነበር። በ1899 አንድ ስዊድናዊ ሐኪም፣ ሄንሸን የሚባል፣ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎችን ደረት በጣቱ እየመታ ድምፁን በመስማት ብቻ ልባቸው ከሌላው ሰው እንደሚተልቅ አገኘ። ግኝቱ ትክክል ነው። ክርክሩ ትልቅ ልብ ጤነኛ ነው ወይስ የተለጠጠና ሊበጠስ የደረሰ የሚለው ላይ ነበር። ለመለየት የሚረዳ መሣሪያ አልነበረም። የልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ ገና ብርቅ ነው። የሐኪሙ መሣሪያ ጆሮው ነው።

ዛሬ የምናውቀው ምንድነው? በረጅም ርቀት ልምምድ የጠነከረ ልብ በእያንዳንዱ ምት ብዙ ደም ይረጫል። ብዙ ደም በፍጥነት በቫልቭ (ደሙን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው የልብ በር) ሲያልፍ ድምፅ ያሰማል፣ ልክ የቧንቧ ውኃ ሲበረታ እንደሚያፏጨው። ቫልቩ ምንም አልሆነም። በስፖርተኞች ላይ እንዲህ ዓይነት ድምፅ መስማት የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ምንም ጉዳት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። ቫልቩ ወይ የልቡ ጡንቻ በእርግጥ የታመመበት ሯጭም አለ፣ ከውጭ ሲሰማ ደግሞ ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

ዴማር በ1912 ስቶክሆልም ኦሊምፒክ ላይ ሮጦ 12ኛ ወጣ። ከዚያ ለዓመታት ከትልልቅ ውድድር ራቅ አለ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሥራ አለ፣ ትምህርት አለ፣ ሃይማኖተኛ ስለነበር ለዝና መሮጥ ራሱ ያሳስበው ነበር። የሐኪሞቹ ማስጠንቀቂያም አንዱ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሯጭ ከሃያ አራት እስከ ሠላሳ ሁለት ያለውን ዕድሜ አብዛኛውን ሲያጣ ቀላል አይደለም።

ቢሆንም ተመለሰ። ሲመለስም እንዲሁ አልተመለሰም። በ1922 ቦስተንን አሸነፈ። በ1923 ደገመ። በ1924 ሠለሰ፣ በዚያው ክረምት ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ በ36 ዓመቱ ነሐስ አመጣ። በ1927፣ በ1928፣ በመጨረሻም በ1930። ሲጠቃለል ሰባት ጊዜ። የመጨረሻውን ሲያሸንፍ 41 ዓመቱ ነበር፣ እስካሁን በዚያ ዕድሜ ቦስተንን ያሸነፈ ወንድ የለም። እንግዲህ ይሄ «ሩጫ ይቅርብህ» የተባለው ሰውዬ ነው።

በዚህ መሃል የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ያዙት። በ1927 የተቋቋመ ድካምን የሚያጠና ላቦራቶሪ ነበራቸው። የተለያዩ ሰዎችን ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ አውጥተው ሁሉንም በእኩል ፍጥነት 20 ደቂቃ ያስሮጡና ደማቸውን ይመረምራሉ። ሌላው ሰው ደሙ ውስጥ ላክቲክ አሲድ (ጡንቻ ኦክስጅን ሲያጥረው የሚበዛ ነገር) ሲከማችና ሲንገፈገፍ ዴማር ግን እንደተቀመጠ ሰው ነበር ማለት ይቻላል፣ የላክቲክ አሲዱ መጠን ከዕረፍት ብዙም ፈቅ አላለም። ልቡ ለጡንቻዎቹ የሚበቃ ኦክስጅን ያደርስ ነበር፤ ጡንቻዎቹም የደረሳቸውን ይጠቀሙበት ነበር። «የታመመ ልብ» እንዲህ አይሠራም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የእርጅና ታሪክ ነው፣ ለኛ ጉዳይ ዋናው ክፍል። ዴማር ማሸነፍ ሲያቆም መሮጥ አላቆመም። ሃምሳ ሞላው፣ ሮጠ። ስልሳ ሞላው፣ ሮጠ። ቦስተንን ብቻ ከ30 ጊዜ በላይ ሮጦታል። የመጨረሻው በ1954 ነው፣ 65 ዓመቱ ላይ። ፍጥነቱ ቀንሷል እንጂ ጨርሶ ገብቷል።

ሰኔ 1958 ላይ ሞተ። ሰባኛ ዓመቱን ከያዘ አራት ቀኑ ነበር። የገደለው ካንሰር ነው። ልቡ አይደለም።

አሁን ወደ ምርመራው እንሂድ። ሁለት የልብ ሐኪሞች፣ ጄምስ ከረንስና ፖል ደድሊ ዋይት፣ ጉዳዩን በ1961 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አወጡት። ዋይትን ታውቁት ይሆናል፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 የልብ ድካም ሲያጋጥማቸው ያከማቸው እሱ ነው። በዚያ ዘመን የልብ ሕመምተኛ ሳምንታት አልጋ ላይ ይተኛ በሚባልበት ጊዜ እንቅስቃሴን የሚሰብክ፣ ራሱም ብስክሌት የሚነዳ ሰው ነበር። ስለዚህ ለዴማር ልብ የነበረው ጉጉት አይገርምም።

ምን አገኙ? ልቡ ጭራቅ አልነበረም። ክብደቱ ከአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ወንድ ልብ የራቀ አይደለም። ቫልቮቹ ደህና ናቸው። ማለትም ያ በ1911 የተሰማው ድምፅ ምንም አልነበረም። ያስገረማቸው ሌላ ነገር ነው። የልብ ጡንቻን ራሱን የሚመግቡት ኮሮናሪ የሚባሉት ደም ቅዳ ቧንቧዎች ስፋታቸው ከተለመደው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ግኝት ግን ብዙ ሯጮች ሲያወሩት አልሰማም። ቧንቧዎቹ ንጹህ አልነበሩም! ግድግዳቸው ላይ የስብ ክምችት ነበር፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ብዙ ወንድ ላይ እንደሚገኘው። ሃምሳ ዓመት ሮጦም ክምችቱ አልቀረለትም። ያዳነው ስፋቱ ነው።

ይሄን በቁጥር ካላየነው አይገባንም፣ ትንሽ ታገሡኝ። የውስጥ ስፋቷ 3 ሚሊ ሜትር የሆነች ቧንቧ አስቡ። ዙሪያዋን 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክምችት ይለጠፍባት። የቀረው ቀዳዳ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የቀዳዳው ወለል ስፋት ወደ አንድ ዘጠነኛ ወረደ፣ ይሄ ደረትን የሚያስጨንቅ፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያስቆም መጥበብ ነው። አሁን ደግሞ እንደ ዴማር እጥፍ የሆነች፣ 6 ሚሊ ሜትር ቧንቧ አስቡና ያንኑ ክምችት ለጥፉባት። የቀረው 4 ሚሊ ሜትር ነው። ታመመች የምትባለው ቧንቧ ከመጀመሪያዋ ጤነኛ ቧንቧ ትሰፋለች። ያው በሽታ፣ ያው ውፍረት፣ ውጤቱ ግን ሰማይና ምድር።

እዚህ ላይ ሯጭ ጓደኞቼ ደስ ይላቸውና ይነሳሉ። «አየህ! ሩጫ ቧንቧ ያሰፋል!» ቆይ፣ ተቀመጡ።

አንደኛ፣ ይሄ አንድ ሰው ነው። ዴማር የሮጠው ቧንቧው ሰፊ ስለነበር ይሆናል እንጂ ስለሮጠ ሰፍቶ ላይሆን ይችላል። ሰፊ ቧንቧ ይዞ የተወለደ ሰው ሩጫ ይቀለዋል፣ የቀለለው ሰው ደግሞ አይተወውም። ከሞተ በኋላ የተከፈተ አንድ ልብ ይሄንን ሊለይልን አይችልም። በ1993 አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በሕይወት ያሉ፣ በጣም ረጅም ርቀት የሚሮጡ ጎልማሶችን ከማይንቀሳቀሱ ሰዎች ጋር አወዳድረው ነበር። ዕረፍት ላይ እያሉ የልብ ቧንቧቸው ስፋት ያን ያህል አይለያይም። ቧንቧ የሚያላላውን ናይትሮግሊሰሪን ሲሰጧቸው ግን የሯጮቹ ቧንቧ የመስፋት አቅም ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ የልምምዱ ስጦታ ምናልባት ሰፊ ቧንቧ ሳይሆን ሲያስፈልግ መለጠጥ የሚችል ቧንቧ ነው። ዴማር ሁለቱም ነበረው እላለሁ፣ ይሄ ግን የኔ ግምት ነው።

ሁለተኛ፣ ይህንን ጉዳይ ለጥጠው የተጠቀሙበት ሰዎች ነበሩ። በ1970ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ቶማስ ባስለር፣ ማራቶን የጨረሰ ሰው ከልብ ቧንቧ በሽታ ይጠበቃል እስከማለት ደረሰ። ብዙ ሰው አመነው፤ ማን ይጠላል? በ1979 ደቡብ አፍሪካዊው ቲም ኖክስና ባልደረቦቹ የልብ ቧንቧ በሽታቸው በአስከሬን ምርመራ የተረጋገጠ ማራቶን ሯጮችን ጉዳይ በዚያው ዴማር በወጣበት መጽሔት ላይ አወጡ። በ1984 ደግሞ አሜሪካውያንን ለሩጫ ያነሳሳው ጂም ፊክስ በ52 ዓመቱ ሲሮጥ ወድቆ ሞተ። ቧንቧዎቹ ተደፍነው ተገኙ። አባቱ በ43 ዓመቱ በልብ ነው የሞተው፣ እሱ ራሱም ሩጫ ሳይጀምር በፊት ሲጋራ ያጨስ ነበር። ሩጫ ያለፈውን አያጥብም፣ ዘርንም አይቀይርም።

ታዲያ ሩጫ ሰውን ቶሎ ይገድላል ወይስ ዕድሜ ይጨምርለታል? ይህንን ከአንድ ሰው ታሪክ ማወቅ አይቻልም፤ ብዙ ሰው ለብዙ ዓመት መከተል ያስፈልጋል። ስታንፎርድ ይሄንን አድርጓል። ከ1984 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ 538 ሯጮችንና 423 የማይሮጡ ሰዎችን ተከታተሉ። ከ19 ዓመት በኋላ ከሯጮቹ 15 በመቶ፣ ከሌሎቹ 34 በመቶ ሞተዋል። እኔን የበለጠ የሳበኝ ግን የአቅም ነገር ነው። ከወንበር መነሳት፣ ልብስ መልበስ፣ መራመድ ሯጮቹን ማስቸገር የጀመረው ከሌሎቹ ብዙ ዓመት ዘግይቶ ነው። ደግሞም እነዚህ ሰዎች እንደ ዴማር አይደሉም። ሲጀምሩ በሳምንት 4 ሰዓት ገደማ ይሮጡ የነበሩት መጨረሻ ላይ ወደ 76 ደቂቃ አውርደውታል። አረጁ፣ ቀነሱ፣ ግን አልተዉም። እርግጥ ነው መጀመሪያውንም ጤነኛ የሆነ ሰው ነው የሚሮጠው፣ ተመራማሪዎቹም ይሄን ለማስተካከል ሞክረዋል፣ ጨርሶ ማስተካከል ግን ከባድ ነው።

ስለ ጉልበት ባጭሩ፣ ምክንያቱም ይሄ ወሬ መቼም አያልቅም። ከዚያው ጥናት የ45 ሯጮችና የ53 የማይሮጡ ሰዎች ጉልበት ለ18 ዓመት በራጅ ታይቷል። መጨረሻ ላይ የመገጣጠሚያ መበላት የታየው ከሯጮቹ 20 በመቶ፣ ከማይሮጡት 32 በመቶ ላይ ነው። ቡድኑ ትንሽ ስለሆነ «ሩጫ ጉልበት ያድናል» አልልም። «ጉልበትህ ያልቃል» የሚለው ግን አልታየም። ቀድሞ የተጎዳ ጉልበት፣ የተቀደደ ሜኒስከስ (ጉልበት ውስጥ ያለው ትራስ መሳይ ልም አጥንት) ወይም ከባድ ውፍረት ካለ ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን ደግሞ ሯጮች የማይወዱትን ላንሳ። በ2017 የእንግሊዝና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ለየብቻ ያወጧቸው ሁለት ጥናቶች ነበሩ። ብዙ ዓመት በብዛት የተለማመዱ ጎልማሳ ወንዶች የልብ ቧንቧቸው ላይ ካልሲየም የያዘ ክምችት ከሌሎቹ ይበልጥ ተገኘባቸው። አዎ፣ ይበልጥ። ክምችቱ የጠነከረ ዓይነት ስለሆነ ለመፈንዳት ያን ያህል አይቀርብም የሚል ማጽናኛ ነበር። በ2023 የወጣው ማስተር አት ሃርት የተባለ ጥናት ግን ያንን ማጽናኛ ሸረሸረው፣ ዕድሜ ልካቸውን የተለማመዱት ላይ ለስላሳውም ክምችት አላነሰም። ይሄን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ዴማር ነው። ከረንስና ዋይት በ1961 ነግረውን ነበር እኮ፤ እኛ «ሁለት ሦስት እጥፍ» የሚለውን ሰምተን «ክምችት ነበር» የሚለውን ዘለልነው።

የልብ ምት መዛባትም አለ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው፣ የልብ የላይኛው ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው፣ ደም እንዲረጋና ስትሮክ እንዲመጣ መንገድ ሊከፍት ይችላል። ስዊድን ውስጥ ቫሳሎፐት የሚባለውን 90 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ውድድር የጨረሱ ከ50,000 በላይ ሰዎች ተከትለው በ2013 እንዳወጡት፣ ደጋግመው የተወዳደሩትና ፈጥነው የገቡት ላይ ይሄ ችግር በዛ። ብዙ ዓመት፣ ብዙ ጥረት፣ የተለጠጠ የላይኛ ክፍል። በመጠኑ የሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም።

ታዲያ ስንት ይበቃል? በ2014 ዳላስ ላይ 55,000 ያህል ሰዎችን ይዞ የወጣ ጥናት በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን፣ መሮጥ ከሞት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ዴማር ያደረገው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሱን ያህል መሮጥ ለጤና አስፈላጊ አልነበረም። የሮጠው ግን ለጤና ብሎ አይደለም፣ ስለሚወደው ነው፣ ይሄ ሌላ ሒሳብ ነው። እዚህ ላይ ነው ወደ ሥራ በሩጫ መመላለሱን ልብ በሉ ያልኳችሁ። ሰባቱን ድል ነው የምናወራው፣ እኔ ግን ልቡን ለዚያ ሁሉ ዓመት ያቆየው ያ በየቀኑ የሚደጋገመው፣ ማንም የማያጨበጭብለት መንገድ ይመስለኛል።

ካንሰርን በተመለከተ፣ ሩጫ ማንንም ነፃ አያወጣም። ካናዳዊው ኤድ ዊትሎክ በ72 ዓመቱ ማራቶንን ከ3 ሰዓት በታች ገባ፣ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በ85 ዓመቱ፣ በ2016፣ 3፡56፡34 ሮጠ። በወራት ውስጥ በፕሮስቴት ካንሰር ሞተ። እንደ ዴማር፣ ልቡ ሳይሆን ሌላው ነው የያዘው።

ይሄን ጉዳይ ሳስብ አንድ ነገር ያስቀናኛል፣ የኛ ዘመን። ዛሬ አንድ የሃምሳ ዓመት ሯጭ ሲሮጥ ደረቱን ካጨነቀው፣ ራሱን ከሳተ፣ ምቱ ያለ ሥርዓት ከዘለለ፣ ወይም አባቱ በወጣትነቱ በልብ ከሞተ፣ «እኔ ሯጭ ነኝ» ብሎ የሚያልፍበት ምክንያት የለም። ያንን የ1911 ድምፅ የሰማ ሐኪምም ጆሮው ላይ ብቻ አይቀርም። የልብ አልትራሳውንድ ያዛል፣ ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ በዓይኑ ያያል፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። ያ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ላይ የተሞከረው ስዊድን፣ ሉንድ ከተማ፣ በ1953 መገባደጃ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የ65 ዓመቱ ዴማር የመጨረሻውን ቦስተን ሊሮጥ መነሻው ላይ ቆመ። ስለ ልቡ ትክክለኛው መልስ የተገኘው ደግሞ ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው፣ እሱ ሊሰማው በማይችልበት ክፍል ውስጥ።